ቼክ ኢንጅን በራ? ኦክስጅን ሴንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት እንዲህ ፈትሹ

አንድ ሰሞን የአሮጌ መኪናዬ ቼክ ኢንጅን በራ። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የጥፋት ኮድ አስነበብኩ፤ ፒ0171፣ ማለትም «አየር በዝቷል» ይላል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» አለኝ። አዲስ ገዝቼ ቀየርኩ። መብራቱ ሦስት ቀን ጠፍቶ ቆየና እንደገና ቦግ አለ። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚሄደው የጎማ ቱቦ ላይ ነበር። እጥፋቱ ውስጥ ተሰንጥቋል። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ነዳጅ ሲሰጠውና ሞተሩ ሲወዛወዝ ግን ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። አውጥቼ የጣልኩት ሴንሰር ምንም አልሆነም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጭስ ማውጫው ላይ የሚገጠመውን ኦክስጅን ሴንሰር የማየው እንደ ምስክር ነው። ጭሱ ውስጥ ያየውን ይናገራል። ያየው ነገር መጥፎ ሲሆን ኮምፒውተሩ ኮድ ይመዘግባል፣ እኛ ደግሞ ምስክሩን አስረን ጥፋተኛውን እንለቃለን። አንዳንዴ በእርግጥ ምስክሩ ራሱ ይታመማል። ይህ መመሪያ ሁለቱን ለመለየት ነው፤ የተጻፈውም ለቤንዚን መኪና ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዲጂታል መልቲሜትር (ቴስተር)፣ መኪናው የሚቀበል ከሆነ ቀላል የኮድ ማንበቢያ (ስካነር)፣ እና ትዕግሥት ነው። መፍቻው ወደ መጨረሻው ይመጣል።

በመጀመሪያ መብራቶቹን አንብቡ

ቁልፉን አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የዘይት፣ የባትሪና የቼክ ኢንጅን መብራቶች መብራት አለባቸው። ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋሉ። በዚህ ሰዓት ቼክ ኢንጅኑ ጭራሽ ካልበራ ደስ አይበላችሁ። ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ አንድ ሰው መኪናውን ለመሸጥ ሲል ነቅሎታል። ከሌላ መብራት ጋር አብሮ እንዲጠፋ ሽቦ የተቀጠለበትም ያጋጥማል። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ይህችን የአምስት ሰከንድ ፍተሻ አትዝለሉ።

ቀይ መብራት ከቢጫ ይቀድማል። የዘይት ግፊት መብራት እየሄዳችሁ ከበራ ጥግ ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። የሙቀት መብራትም እንደዚያው ነው፤ ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ። የባትሪ መብራት ማለት ደግሞ ዲናሞው እየሞላ አይደለም ማለት ነው። እሱን ሳታስተካክሉ ስለ ሴንሰር አትጨነቁ፤ ኤሌክትሪኩ ሲወርድ ኮምፒውተሩ ስለ ብዙ ነገር የተሳሳተ ኮድ ሊያወጣ ይችላል። ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.5 እስከ 14.7 ቮልት አካባቢ ካገኛችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ።

ቼክ ኢንጅን ራሱ ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። በርቶ ከቆመና መኪናው ደህና ከሄደ እየተጠነቀቃችሁ ቤት መድረስ ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩ ውስጥ አንዱ ሲሊንደር በደንብ እየነደደ አይደለም። ያልነደደው ቤንዚን ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር (ካታሊስት) ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል፣ ካታሊስቱንም ያቀልጠዋል። ፍጥነት ቀንሱ፣ ቦታ ስታገኙም አቁሙ። እዚህ ጋ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የካንዴላ፣ የቦቢና ወይም የካንዴላ ገመድ ነው እንጂ የኦክስጅን ሴንሰር አይደለም።

አንድ ለየት ያለ ነገር ልጥቀስ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በነበሩ አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ለኦክስጅን ሴንሰር ብቻ የተሠራ መብራት አለ። በቮልቮ ላይ «ላምዳ ሶንድ»፣ በቮልስዋገን ላይ «ኦኤክስኤስ» የሚል ጽሑፍ አለው። ይህ መብራት ምንም አይመረምርም። ኪሎ ሜትር ይቆጥርና 48,000 አካባቢ ሲደርስ «ሴንሰሩን እዩልኝ» ብሎ ይበራል። ሴንሰሩ ታይቶ፣ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ተመልሶ ያበቃል።

ሴንሰሩ ምን እንደሚያይ ካላወቅን እንሳሳታለን

ኦክስጅን ሴንሰር በፋብሪካ መኪና ላይ የተገጠመው መጀመሪያ በቮልቮ ነው፤ ሠሪው ቦሽ፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1976 ነበር። የተለመደው ዓይነት ጫፉ ላይ ዚርኮኒያ የሚባል ሴራሚክ አለው። አንዱ ጎኑ ጭሱን፣ ሌላው ጎኑ የውጭውን አየር ያያል። በሁለቱ መካከል ያለው የኦክስጅን ልዩነት ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ካነሰ፣ ማለትም ቤንዚን ከበዛ፣ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል። ኦክስጅን ከበዛ ወደ 0.1 ይወርዳል። መሃሉ 0.45 ነው። ኮምፒውተሩ ይህን እያየ ቤንዚኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ እንደገና ይጨምራል። ዓላማው በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ማድረስ ነው። ጤነኛ ሴንሰር ስለዚህ አያርፍም፤ ከላይ ታች ይወዛወዛል።

ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ ቤንዚን አያይም። የሚያየው ኦክስጅን ብቻ ነው። ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንድ ካንዴላ አልነድ ቢል ያልተቃጠለ ቤንዚን ይወጣል፣ ነገር ግን አብሮት ያልተቃጠለ ኦክስጅንም ይወጣል። ሴንሰሩ ኦክስጅኑን አይቶ «አየር በዝቷል» ይላል። ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። መኪናው ቤንዚን እየሸተተ ኮዱ ግን «ቤንዚን አነሰ» የሚለው ለዚህ ነው።

ሌላው፣ ሴንሰሩ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሳይሞቅ አይሠራም። አሮጌዎቹ ባለ አንድና ሁለት ሽቦ ሴንሰሮች የሚሞቁት በጭሱ ብቻ ነው። ባለ ሦስትና አራት ሽቦዎቹ የራሳቸው ማሞቂያ (ሂተር) አላቸው። በተግባር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው ይኸው ማሞቂያ ነው።

ኮዱን አውጡ፣ ግን አታጥፉት

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከመሪው በታች ስካነር የሚሰካበት ባለ 16 ቀዳዳ የኦቢዲ 2 ሶኬት አላቸው። ርካሽ የብሉቱዝ ስካነር እንኳ ኮዱን ያነባል። አንዳንድ አሮጌ መኪና ሶኬቱ እያለው ከስካነሩ ጋር አይግባባም፤ ያኔ ስካነሩ ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

ከዚያ የቆዩ መኪኖች በመብራቱ ብልጭታ ይናገራሉ። በብዙ አሮጌ ቶዮታ ላይ ኮፈኑ ሥር «ዳያግኖሲስ» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ሞተሩ ጠፍቶ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የሚሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ፣ ከዚያ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ፣ ዕረፍት፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ 21 ነው፤ የኦክስጅን ሴንሰር። 25 አየር የበዛበት፣ 26 ቤንዚን የበዛበት ነው። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ብልጭ ካለ ምንም ኮድ የለም። የቀዳዳዎቹ ስም ክዳኑ ውስጥ ተጽፏል። በግምት አታገናኙ፤ የተሳሳተ ቀዳዳ ፊውዝ ወይም ከዚያ የባሰ ያቃጥላል።

በኦቢዲ 2 መኪና ላይ ደጋግማችሁ የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው፦

- ፒ0130፦ የፊተኛው ሴንሰር መስመር ችግር
- ፒ0131 እና ፒ0132፦ ቮልቱ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ቀርቷል
- ፒ0133፦ ሴንሰሩ ዘገምተኛ ሆኗል
- ፒ0134፦ ምንም እንቅስቃሴ የለም
- ፒ0135፦ የፊተኛው ማሞቂያ፤ ፒ0141 የኋለኛው ማሞቂያ
- ፒ0171 እና ፒ0172፦ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን በዝቷል
- ፒ0420፦ ካታሊስቱ ደክሟል

ከእነዚህ ውስጥ ሴንሰሩን በቀጥታ የሚያስጠረጥሩት ፒ0133፣ ፒ0134፣ ፒ0135 እና ፒ0141 ናቸው። ፒ0171 እና ፒ0172 ግን ሴንሰሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑንም ሊያሳዩ ይችላሉ።

ስካነሩ ከኮዱ ጋር የሚጽፈው «ባንክ 1» ማለት አንደኛው ሲሊንደር ያለበት የሞተሩ ጎን ነው። «ሴንሰር 1» ከካታሊስቱ በፊት፣ «ሴንሰር 2» ከኋላው ያለው ነው። ባለ 4 ሲሊንደር በተርታ ሞተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ባንክ አንድ ብቻ ስለሆነ ግራ አያጋባም። ሲሊንደሮቹ በሁለት ጎን በተከፈሉት በቪ6 እና በቪ8 ላይ ግን ሰው ደህናውን አውጥቶ የተበላሸውን የሚተወው እዚህ ጋ ነው።

ኮዱን ጻፉ። ስካነሩ «ፍሪዝ ፍሬም» የሚያሳይ ከሆነ እሱንም ጻፉ፤ ጥፋቱ ሲመዘገብ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ላይ እንደነበር፣ ምን ያህል እንደሞቀ ይነግራችኋል። ኮዱን ካጠፋችሁት ይህ ሁሉ ይጠፋል። የባትሪ ገመድ መንቀልም ያው ነው።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በዓይንና በጆሮ

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይህን አድርጉ። የሴንሰሩን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉ። የጋለ ብረት ላይ ተኝቶ የቀለጠ ሽቦ አሮጌ መኪና ላይ ብርቅ አይደለም። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ውስጡ ውሃ፣ ዘይት ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ አግኝታችኋል። የማሞቂያውን ፊውዝ እዩ።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነሱና ጭስ ማውጫው ጋ ጆሯችሁን ጣሉ። ከሴንሰሩ በፊት፣ ማኒፎልዱ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቱቦ) ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ጓርኒሲዮን አካባቢ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ወይም ጥቁር የጥላሸት መስመር ካለ ጭሱ እያመለጠ ነው። ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ አየር እንዴት ያስገባል ትሉ ይሆናል። ጭሱ የሚወጣው እየተቆራረጠ ነው፤ በሁለት ግፊት መካከል ቱቦው ውስጥ ግፊቱ ይወርድና የውጭ አየር ይሳባል። ሴንሰሩም ያንን ኦክስጅን አይቶ ይመሰክራል። ሐሰት አልተናገረም፣ ያየውን ነው የተናገረው።

ከዚያ የቫኪዩም ቱቦዎቹን፣ ማለትም ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ጋር የተያያዙትን ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች፣ አንድ በአንድ በእጅ እጠፉ። የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ ሲታጠፍ ራሱን ያጋልጣል። ከአየር ማጣሪያው የሚመጣውን ትልቁን ቱቦ አትርሱ። እኔን ያስከፈለኝ እሱ ነው።

ማሞቂያውን መለካት

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ የሴንሰሩን ሶኬት ለዩ። በባለ አራት ሽቦ ሴንሰር ላይ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለቱ የማሞቂያው ናቸው። በቦሽ አሠራር ሁለቱ ነጭ ማሞቂያ፣ ጥቁሩ ሲግናል፣ ግራጫው የሲግናሉ ነጌቲቭ ነው። በዴንሶ ደግሞ ሁለቱ ጥቁር ማሞቂያ፣ ሰማያዊው ሲግናል፣ ነጩ ነጌቲቭ። ጥቁር ሽቦ በአንዱ ሲግናል በሌላው ማሞቂያ መሆኑን ልብ በሉ፤ ተለዋጭ ሴንሰር የሚገጥሙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው።

መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉና በማሞቂያው ሽቦዎች መካከል ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር እንደ መኪናው ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ3 እስከ 20 ኦም ውስጥ ይወድቃሉ። መልቲሜትሩ ምንም ግንኙነት የለም ካለ ማሞቂያው ተበጥሷል። ያኔ ክርክር የለም፤ ሴንሰሩ ይቀየራል።

ደህና ከሆነ ደግሞ በመኪናው በኩል ያለውን ሶኬት ለኩ። ቁልፉ በርቶ ወይም ሞተሩ እየሠራ ከማሞቂያው ሽቦዎች አንዱ የባትሪውን ያህል ቮልት ማግኘት አለበት። ከሌለ ፊውዝ፣ ሪሌይ ወይም ሽቦ ነው። የሲግናሉን ሽቦ ግን በኦም ፈጽሞ አትለኩ። የመልቲሜትሩ ኤሌክትሪክ ሴንሰሩን ሊጎዳው ይችላል።

ዋናው ፈተና፦ ሲነኩት ይመልሳል?

ሞተሩን በደንብ አሙቁ። ሶኬቱን አገናኙና ከኋላው በቀጭን መርፌ የሲግናሉን ሽቦ ንኩ። መልቲሜትሩ 10 ሜጋ ኦም ግቤት ያለው ዲጂታል ይሁን፤ ባለ ቀስቱን የድሮ መለኪያ ወይም የመብራት ቴስተር አትጠቀሙ። 2 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጉት። ስካነር ካላችሁ በግራፍ ማየቱ ይሻላል።

ሞተሩን በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ለሁለት ደቂቃ ያዙት። ቮልቱ ከ0.2 በታች ወደ 0.8 በላይ እየተመላለሰ ከሆነ ሕይወት አለው። ቶዮታ ለብዙ አሮጌ ሞተሮቹ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ ይላል። ጥሩ መነሻ ነው።

ካልተወዛወዘ ቸኩላችሁ አትፍረዱ። ሴንሰሩ ታች የቀረው ሞቶ ነው ወይስ እውነትም አየር በዝቶ? አስገድዳችሁ ጠይቁት። ነዳጅ መስጫውን ድንገት ረግጣችሁ ልቀቁ። ሲረገጥ ቤንዚን ይበዛል፣ ቮልቱ 0.8ን ማለፍ አለበት። ሲለቀቅ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ቀጥሎ በሚኒሞ (ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ) አንድ ትንሽ የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉ፤ ቮልቱ ወዲያው መውረድ አለበት። እየወጣና እየወረደ ከመለሰላችሁ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ምንም ብታደርጉ 0.1 ላይ ወይም 0.45 ላይ ከተገተረ፣ ወይም ሰከንዶች ቆይቶ ከመለሰ፣ አሁን ምስክሩ ታሟል።

አንዳንዶች ካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ አየር ማስገቢያው ውስጥ ይነፋሉ። ይሠራል። ግን የጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ነገር መንፋት ነው፤ በነዳጅ መስጫው ብቻ መልስ ካገኛችሁ ለምን አስፈለገ?

ከካታሊስቱ ኋላ ያለውን ሴንሰር በዚህ መስፈርት አትዳኙት። እሱ ሥራው ዝም ማለት ነው። ካታሊስቱ ደህና ከሆነ 0.6 ወይም 0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ብሎ ይቆያል። የፊተኛውን እየተከተለ መወዛወዝ ከጀመረ የደከመው ካታሊስቱ ነው፣ ፒ0420ም ከዚህ ይመጣል። ፒ0420 ባያችሁ ቁጥር የኋላውን ሴንሰር መቀየር ገንዘብ መበተን ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ አንዳንድ መኪኖች ፊት ለፊት የሚገጥሙት «ኤር ፊዩል ሬሾ» የሚባል ሌላ ዓይነት ሴንሰር ነው። መልኩ ይመሳሰላል፣ አሠራሩ ግን በኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ከላይ ያለው የቮልት ፈተና ለእሱ አይሠራም። በስካነር ብቻ ነው የሚታየው፤ የተለመደውን ሴንሰር በእሱ ቦታ መግጠምም አይቻልም።

ስካነር ያለው ሰው ፊዩል ትሪሙን ይይ

ፊዩል ትሪም ኮምፒውተሩ ስንት በመቶ ቤንዚን እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚናገር ቁጥር ነው። ስካነሩ የአጭርና የረጅም ጊዜ ብሎ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ደምሯቸው። ከፕላስ 10 ወይም ከማይነስ 10 በመቶ ካላለፈ ደህና ነው።

በሚኒሞ ፕላስ 20 ሆኖ 2,500 ዙር ላይ ወደ 5 ከወረደ ከቫኪዩም ቱቦዎቹ አንዱ አየር ያስገባል፤ ቀዳዳው በሚኒሞ ትልቅ ድርሻ አለው፣ ሞተሩ ብዙ አየር ሲስብ ግን ድርሻው ያንሳል። በተቃራኒው በሚኒሞ ደህና ሆኖ ጭነት ሲመጣ የሚጨምር ከሆነ የነዳጅ ፓምፕ፣ የነዳጅ ፊልትሮ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ጠርጥሩ። ቁጥሩ ወደ ማይነስ በጣም ከወረደ ቤንዚን በዝቷል። አሮጌ መኪና ላይ ከነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን የቫኪዩም ቱቦ ንቀሉና አሽትቱ። ቤንዚን ካለባት ውስጡ ያለው ሽፋን ተቀዷል። የሞተር ሙቀት ሴንሰሩንም እዩ፤ ሞተሩ ሞቆ ስካነሩ 30 ዲግሪ የሚል ከሆነ ኮምፒውተሩ ለቀዝቃዛ ሞተር የሚሰጠውን ቤንዚን እያፈሰሰ ነው።

መቀየር ግድ ሲሆን

ሞተሩ ሞቅ ያለ ሆኖ፣ ግን እጅ የማያቃጥል ሲሆን፣ ዝገት ፈቺ ዘይት ነፍታችሁ ጥቂት ጠብቁ። ጎኑ ለሽቦ የተሰነጠቀ ባለ 22 ሚሊ ሜትር ሶኬት መፍቻ ይፈልጋል። አልለቅ ካለ አታንገላቱት፤ የጭስ ማውጫው ጥርስ ከተበላ ሥራው ሌላ ይሆናል።

የወጣውን ሴንሰር ጫፍ ሳታዩ አትጣሉ። ጥቁር ደረቅ ጥላሸት የበዛ ቤንዚን ነው። ነጭ ዱቄት መሰል ሽፋን ከተገቢው ውጭ ከተቀባ ሲሊኮን ወይም ሞተር ውስጥ ከሚገባ የራዲያተር ፈሳሽ ሊመጣ ይችላል። ቡናማና ቅባታም ከሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ምክንያቱን ሳታክሙ አዲስ ብትገጥሙ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ላይ ቅባት ተቀብቶ ይመጣል። ካልመጣ ለሴንሰር የሚሆን ፀረ ማጣበቂያ ቅባት ጥርሱ ላይ ብቻ፣ ጫፉን ሳትነኩ ቀቡ። በእጅ አስጀምሩ፣ ከዚያ 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ አጥብቁ። ሶኬቱ ውስጥ ግሪስ ወይም ስፕሬይ አትጨምሩ፤ ብዙ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚሆናቸውን የውጭ አየር የሚስቡት በሽቦው ውስጥ ነው። ሽቦ መቀጠል ካለባችሁም በዚሁ ምክንያት በብየዳ ሳይሆን በመጭመቂያ ማያያዣ ይሁን።

አሁን ኮዱን አጥፉ። ሞተሩን ከቀዝቃዛ ጀምሮ አስነሱና በከተማም በረጅም መንገድም ንዱት። ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች እስኪጨርስ ጥቂት ቀናት ሊወስድ ስለሚችል በማግስቱ መብራቱ ስላልበራ ብቻ አትመኑት። ስካነሩ ላይ «ሬዲነስ» የሚለው ውስጥ የኦክስጅን ሴንሰርና የማሞቂያው ፈተና «ተጠናቋል» ካለ፣ «ፔንዲንግ» የሚለው፣ መብራት ገና ያላበሩ ኮዶች ዝርዝርም ባዶ ከሆነ ጥገናው ይዟል። መብራቱ ሳይበራ ፔንዲንግ ውስጥ ፒ0171 ካያችሁ ወደ ቫኪዩም ቱቦዎቹ ተመለሱ። ትልቁን ቱቦ በሁለት እጅ ለጠጥ አድርጋችሁ እጥፋቱ ውስጥ በባትሪ ብርሃን እዩ።